በረኛውን ማንም አይነዳውም

ዓርብ፣ ኅዳር 8 ቀን 2004

ጋሽ ታደለ ሊያቃጥለው ነው። ግራጫውን የጌም ማሽን፣ ሲዲዎቹን፣ ጨዋታው የሚቀመጥበትን ሚሞሪ፣ ሁሉንም። ማክሰኞ ኅዳር ሲታጠን ሰው የቤቱን ጥራጊ አውጥቶ ሲያጨስ፣ እሱም የጌም ቤቱን ጥራጊ ያጨሳል። ከጎንደር አዲስ ማሽን አምጥቷል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሳይነኩት የጣት አሻራ የሚይዝ። "አሮጌው በጀርባው ካልገለበጡት አያነብም፤ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ገልብጠን ነው የምንጫወትበት። ግን እሱም ወገቡን ካልያዘ ከወንበር አይነሳም፤ ማንም እናቃጥልህ አላለውም። ይህን ስነግረው አባረረኝ። ደባርቅ ውስጥ ከጌም ቤት የምትባረር ብቸኛዋ ሴት ልጅ እኔ ነኝ፤ የምትገባም እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

የሲዲው ነገር አይደለም የሚያንገበግበኝ። ሚሞሪው ውስጥ ሙላት አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ።

ሙላት የጎረቤታችን የእማማ የሺ ልጅ ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ጌሙ ላይ የአንዱን አገር ቡድን ስም እየሰረዘ የሰፈራችንን ልጆች ጻፈበት። መልክ፣ ቁመት፣ ጸጉር እየመረጠ። እኔን ተከላካይ አደረገኝ፣ ፂም ሰጠኝ፤ እስካሁን አልተላጨሁም። ራሱን በረኛ አደረገ። ጎፈሬ አወጣ። ስለ ቁመቱ ዋሸ።

ያ ቡድን አሁን ተበትኗል። አንዱ ሊማሊሞ ላይ የጭነት መኪና ይነዳል፣ አንዱ ዳባት ያስተምራል፣ ሌሎቹ አዲስ አበባ ናቸው። ሙላት በመተማ ወጣ። ሱዳን፣ ከዚያ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር። አብሮት የሄደው ልጅ ለፋሲካ ተመልሶ ለሽማግሌዎቹ ነገራቸው፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ በዓይኑ አይቷል።

ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ያልተነገራቸው እማማ የሺ ብቻ ናቸው። መርዶ የሚያረዱት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አባባ ደግሞ አንዱ ነው። መጀመሪያ "በዓል ነው፤ የሰው ደስታ አናደፍርስ" አሉ። ክረምት ሲገባ "በዚህ ዝናብ ለቀስተኛው የት ይቀመጣል?" አሉ። ከዚያ "እህሉ ይሰብሰብ።" አሁን ደግሞ "ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው" ይላሉ። ነብር አባረርን ብለው የሚያወሩ ሰዎች አንዲት ሴት ፈርተው በጓሮ ይዞራሉ።

እሁድ፣ ኅዳር 10

አዲሱን ጌም አየሁት። ሣሩ ሣር ይመስላል። ተጫዋቾቹ ያልባቸዋል። ሁሉም ልጅ የሚመርጠው ግን ያንኑ አንድ የአውሮፓ ቡድን ስለሆነ ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲጋጠም ዋለ። ስም መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። "ለምን ትቀይሪዋለሽ? ሁሉም ተሟልቶ ነው የመጣው" አለኝ ጋሽ ታደለ። በየዓመቱ አዲስ ይወጣል አሉ፤ የዘንድሮው ሲመጣ የአምናውን ዞሮ የሚያየው የለም።

ከሰዓት በኋላ እማማ የሺ ቤት ሄድኩ። "ሙላት ጌም ቤት የሠራው ነገር አለ፤ ሳይጣል ይምጡና ይዩት" አልኳቸው።

"እዚያ የሰይጣን ቤት?" አሉ። ሙላትን ከዚያ በዱላ ነበር የሚያወጡት።

"ሰይጣኑ አርጅቶ ሊባረር ነው እማማ።"

አልሳቁም። "እመጣለሁ" ብቻ።

አባባ ሰማ። "አፍሽ ቢያመልጥሽስ?" አለኝ።

"የእናንተ ከፋሲካ ጀምሮ አላመለጠም፤ የኔ ለአንድ ቀን ቢታሰር ምን ይሆናል?"

ጥፊ ጠብቄ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ያኔ ነው የፈራሁት።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

መብራት የለም። እማማ የሺ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። የጠፋውን ቴሌቪዥን ትኩር ብለው አዩት። መስታወቱ ላይ የራሳቸው ጥላ ብቻ ነበር። ጋሽ ታደለ እንደ ሽማግሌዎቹ ጫማውን ያያል። ብዙ ቆይተው ሄዱ።

እሱ ዕቃውን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን ጨምርልኝ አልኩት። "ኅዳር ሚካኤል በዓመት አንዴ ነው" አለኝ።

መብራት፣ ባክሽን ነይ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ጭስ ነው። ከአምስት እርምጃ በላይ ሰው አይታይም፤ ሳል ብቻ ይሰማል። ከረጢቱ እሳቱ ዳር ተቀምጧል። በመሀል ከጌም ቤቱ የቴሌቪዥን ጩኸት ሰማሁ፤ መብራት መጣ። ከረጢቱን እየጎተትኩ ገባሁ። ጋሽ ታደለ ገመዱን ራሱ ሰካው። ልጅ ልኬ እማማ የሺን አስጠራሁ።

ገለበጥነው። እምቢ አለ። ደግመን ገለበጥነው። አነበበ።

እማማ የሺ ሲገቡ ልጆቹ አግዳሚውን ለቀቁላቸው። ያ ጌሙ ውስጥ ሆኖ ጨዋታውን በማናውቀው ቋንቋ የሚያስተላልፈው ሰውዬ መጮህ ጀመረ። ሙላት ጎሉ ላይ ቆሟል።

"ልጄ ጎፈሬ የለውም እኮ" አሉ።

"የተመኘው ነው።"

"ማን ነው የሚነዳቸው?"

ጆይስቲኩን አሳየኋቸው። ሌሎቹን እኔ ነኝ አልኳቸው።

"እሱንስ?"

"በረኛውን ማንም አይነዳውም። ራሱ ነው።"

ስንት ዘመን ስጫወት አስቤው አላውቅም። እጄን ከጆይስቲኩ አነሳሁ። ጭሱ በመስኮት እየገባ ነው። እሱ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል፣ ይጠብቃል። ተጋጣሚው መታ፤ ሙላት ተወርውሮ ያዘ። እማማ የሺ በቀስታ "እሰይ" አሉ። እንደገና መታ፤ በጣቱ ጫፍ አወጣው። አንድ ጊዜ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ መሰለኝ። ለማንም አልነገርኩም።

"ከፋሲካ ወዲህ ልጅሽ ደወለ ወይ ያለኝ ሰው የለም" አሉ፣ ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ። "ድሮ ወፍጮ ቤት ደርሼ እስክመለስ ሁሉም ይጠይቀኝ ነበር።"

ጋሽ ታደለ ወጣ። እኔ ጆይስቲኩን ጨብጬ ቀረሁ።

"በይ አጥፊው። ደክሞታል።"

አጠፋሁት።

"ለአባትሽ ንገሪው። ዛሬ የመልአኩ ቀን ነው፤ ነገ በጠዋት ይምጡ። ብቻዬን ማልቀስ ሰለቸኝ።"

ማሽኑ አልተቃጠለም። ጋሽ ታደለ ከመደርደሪያው ሥር ሲያስገባው አየሁት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

ሠርግ ላይ ማይክ የማይለቀው አባባ ጎህ ሲቀድ ቀስቅሶ "ምን ብዬ ልጀምር?" አለኝ። "ያውቃሉ፤ ገብታችሁ ቁሙ ብቻ" አልኩት። ጋቢውን ገልብጦ ለብሶ ነው የወጣው፤ አልቀለድኩበትም።

እሪታው ሲሰማ ሴቶቹ ከየቤቱ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ። እማማ የሺ ከሴቶቹ መሀል አዩኝና አጠገባቸው ቦታ አስለቀቁልኝ።

"ይቺ ልጅ አይታዋለች" አሏቸው። "ንገሪያቸው።"

ምን ልበል? ነገርኳቸው። ወደ ግራ እንዴት እንደተወረወረ፣ ሁለተኛውን በጣቱ ጫፍ እንዴት እንዳወጣው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሰሙኝ። ከዳባት የመጣች አክስቱ "የት አገር ሜዳ ላይ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

እማማ የሺ መለሱላት። "እዚሁ" አሉ፤ "እዚሁ ደባርቅ።"