ለፈተና ያጠናሁት ሆላንድኛ

ይድረስ ለባለቤቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትክ? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? ባለፈው ድምፅህ ደከም ብሎብኝ አሳስቦኝ ነበር። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። ራውዳም ደህና ናት። እዚሁ ጆሀንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን፣ ያው አንዲቷን ባንኮኒ ለሁለት ተካፍለን፣ እሷ የልጆች ልብስ ትሸጣለች፣ እኔ የሰው ስልክ እፈታለሁ። ሰላም በይልኝ ትልህ ነበር፤ አሁን ግን ትታዋለች። ለምን እንደተወችው ወደታች ስትወርድ ይገባሃል።

በድምፅ ያልላክሁልህ ወድጄ አይደለም። የምልክልህን ድምፅ በእጥፍ ፍጥነት አድርገህ እንደምትሰማው ራስህ ነግረኸኛል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው አልከኝ። እኔ ደግሞ ያንተን ረጅም ንግግር ደንበኛ እያስጠበቅሁ ከነሳልህ፣ ከነትንፋሽህ ስሰማ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ይሄን በእጄ ወረቀት ላይ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልህ። ፎቶ ማፍጠኛ የለውም፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስለምን እንደምታወራልኝ አታጣውም። መንግሥታቸው ፈረሰ፣ ጥምሩ ተበተነ፣ እንደገና ምርጫ ሊሆን ነው፣ የትኛው ፓርቲ ስንት ወንበር አገኘ። እዚህ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስክሪን እየለጠፍኩ የሆላንድን ፓርላማ ወንበር ስቆጥር እውላለሁ። ዘረኞች ናቸው ትለኛለህ። መጤ አይወዱም፣ ዜግነት ሰጥተው አገሬን አስጣሉኝ፣ ሰው ሁለት ዜግነት ቢይዝ ምናቸው ይጎድላል ትለኛለህ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትህ የቀረ ቀን አልቅሻለሁ ብለኸኝ፣ እኔ ሞኟ አብሬህ አለቀስኩ። እኔ እኮ የጥገኝነት ወረቀቴን ለማሳደስ ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ ውዬ ኮምፒውተሩ አይሠራም ተብዬ የምመለስ ሰው ነኝ። ፓስፖርቴም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አንተ ሁለተኛው ቀረብኝ ብለህ ስታዝን እኔ አንዱም በቅጡ እጄ ላይ አልነበረም። ያኔ ግን ያንተ ሐዘን እንጂ የራሴ አልታየኝም።

ስለ ስልክም ትመክረኛለህ፣ እንጀራዬ እሱ ሆኖ ሳለ። አውሮፓ ባትሪው በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን ብለው ሕግ አወጡ፣ አየሽ ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው አልከኝ። ይሁን። እስከዚያው ግን ሙጫውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ ጣቴ እስኪላጥ የማላቅቀው እኔ ነኝ። ቻርጀሩን ከካርቶኑ አስቀሩት፣ ለተፈጥሮ አስበን ነው አሉ። የጆሮ ማዳመጫውን ቀዳዳ ደፈኑት፣ ሰውም አመስግኖ ገዛ። የነበረህን ይወስዱብህና አዲስ ነገር አመጣንልህ ይሉሃል። ባልም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መቼም ኒካሁ የተረሳህ አይመስለኝም። አባቴና ምስክሮቹ ወራቤ፣ አንተ ሮተርዳም፣ እኔ እዚህ ቤሪያ ሰፈር ፎቅ ላይ ራውዳን አጠገቤ አስቀምጬ። ያንተ አገር ጅማ፣ የእኛ ስልጤ፤ ስልጥኛ ስለማትሰማ ነገሩ ሁሉ በአማርኛ ሆነ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ተቀብያለሁ የምትለዋን ቃል አስደገሙህ። አባቴ፣ ልጄን ሁለቴ የተቀበለ ሰው ነው እያለ ለጎረቤት ሲያወራ ከረመ። እኔም አመንኩት። ዳቬይተን ሰፈር፣ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ አብረን ስንሠራ የማውቅህ ልጅ ነህ፤ ምን ብዬ ልጠርጥርህ?

ከዚያ ሕጉን ነገርከኝ። ሚስት ከመምጣቷ በፊት ቋንቋቸውን ተፈትና ትለፍ ይላል፣ ፈተናው ፕሪቶሪያ ኤምባሲው ውስጥ በኮምፒውተር ነው፣ አጥኚ አልከኝ። አጠናሁ። በስልክ መማሪያውን ታክሲ ውስጥ ከፍቼ ሰው እያየኝ ብቻዬን ሳወራ ነው የከረምኩት። ሱቅ የምትመጣ አንዲት አፍሪካንስ ተናጋሪ አሮጊት አለች፣ ታኒ እንላታለን፣ እነሱ አክስት እንደሚሉት። ስልኳን በነፃ እየሠራሁላት ታለማምደኝ ጀመር። የእኛ አፍሪካንስ ከሆላንድኛ የወጣ ነው፣ ሁለቱ ቋንቋ አንድ ነው አለችኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። ፈተናው ላይ ኮምፒውተሩ የጠየቀኝን ሁሉ በአፍሪካንስ መለስኩለትና ወደቅሁ። ስነግርህ ሳቅክ። ሆላንድ የምትመጪ መስሎኝ፣ ኬፕ ታውን ልትሄጂ ነው እንዴ አልከኝ። እኔም ሳቅሁ። ባሌ አይዞሽ ለማለት ነው የሚስቀው ብዬ ለራውዳ ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። የሚጠብቅ ሰው ሚስቱ ስትወድቅ ትንሽ እንኳ አይከፋውም ወይ አለችኝ። ተቆጣኋት።

ለሁለተኛው ዙር ስዘጋጅ የሆላንድ ጋዜጣ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። ዜናው ይከብደኛል፤ ከሥር ሰው የሚጽፈው አስተያየት ግን አጭር ስለሆነ ይገባኛል። አንድ ቀን ቤተሰብ ስለማስመጣት የወጣ ዜና ሥር ያንተን ፎቶ አየሁ። ሰማያዊ ሹራብ የለበስክበት፣ ከብዙዎቹ እኔ መርጬ ይሄኛውን አድርግ ያልኩህ። ምን ልበልህ፣ ኮራሁ። ባሌ በሰው አገር ጋዜጣ ላይ፣ በሰው አገር ቋንቋ! ራውዳን ጠርቼ አሳየኋት። ከዚያ ጣቴን ቃል በቃል እያስኬድኩ ማንበብ ጀመርኩ።

እኔ ብቻዬን መጣሁ ትላለህ። ቋንቋ ተማርኩ፣ ሠራሁ፣ ግብር ከፈልኩ። አሁን ግን አንዱ ይገባና ሚስቱን ይጎትታል፣ ሚስቱ እናቷን፣ እናቷ የቀሩትን። ለራሳችን ልጆች ቤት ጠፍቷል፣ ይሄ በር ይዘጋ። ደግሜ አነበብኩት። በደንብ ያልገባኝ መስሎኝ፣ እንዲያው ባይገባኝ ደስ ባለኝ፣ ለመተርጎሚያው ሰጠሁት። ያ ማሽን አንድ ቀን ትክክል ተርጉሞልኝ አያውቅም፤ በዚህኛው ግን ከእኔ ጋር ተስማማ።

የትኞቹ ልጆቻችን ናቸው ቤት የጠፋላቸው? እኔ ጸጉሬ መሸበት ጀምሯል። የእኩዮቼ ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል። አንተን ስጠብቅ ያለፈው ዕድሜ ልጅ የምወልድበት ዕድሜ ነበር፤ ሌላ የለኝም።

እዚህ የአገሩ ሰዎች በመጤ ላይ ሰልፍ ወጥተው አባሃምቤ ይላሉ። ይሂዱ ማለት እንደሆነ አትረሳውም፤ ዳቬይተን ሱቁን ዘግተን መጋዘን ውስጥ ተደብቀን አብረን ሰምተነዋል። ያን ቀን እጄን ይዘኸኝ ነበር። አሁን ያንኑ ነገር አንተው በሆላንድኛ ስትለው አነበብኩ። ሰላሳ ሰው ደግሞ ወዶልሃል።

የሆላንድ ፖለቲካ ላይ አስተያየቴን ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ልንገርህ። ያን አንተ ዘረኛ የምትለውን ፓርቲ አልተቀየምኩትም። አትምጪ ብሎ በግልጽ ነው የነገረኝ፤ ኒካሕ አላሰረልኝም፣ ቋንቋ ተማሪ ብሎ አላለፋኝም። የሚያስቀይመኝ በአማርኛ ነይ ብሎ በሆላንድኛ የሚዘጋብኝ ሰው ነው። ሁለት ዜግነት ከለከሉኝ ብለህ ታለቅሳለህ፤ አንተ እኮ ሁለት ሰው ሆነሃል፣ ማንም አልከለከለህም።

እዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እችለው ነበር። ሰው በሰው አገር ለመወደድ የማይለው የለም፣ ፈርቶ ነው፣ ብቻውን ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ሰነበትኩ። ግን ከሥር አንዲት ሴትዮ ጠይቃሃለች። አንተስ የምታስመጣት ሚስት የለችህም ወይ ብላ። መልስህ አንዲት ቃል ናት። የለኝም።

አሁን የምትለኝን አውቀዋለሁ። ኒካሁ እዚያ አልተመዘገበም፣ ቋሚ የሥራ ውል የለኝም፣ ሴትዮዋ ማን ሆና ነው ጓዳዬን የማወራላት ትላለህ። ልክ ነህ፣ ለማታውቃት ሴት ማብራራት የለብህም። ዝም ማለት ግን ትችል ነበር። ዝም ማለት በየትኛውም ቋንቋ ይቻላል።

ያየሁትን ለአባቴ አልነገርኩትም። አሁንም ልጄ ሆላንድ ስትሄድ ዘመድ ጥየቃ ነው የምንሄደው እያለ ጎረቤቱን ያሰለቻል። ራውዳ ጨርሰሽ ዝጊው፣ ስልኩንም ቁጥሩንም አጥፊው ትለኛለች። እኔ ግን ሚስት ነኝ፤ ስወጣም በበሩ ነው የምወጣው። ከታኒ ጋር መማሬን ደግሞ አልተውኩም። ሆላንድኛውን ትተን በራሷ አፍሪካንስ ሆነናል፤ እዚህ አገር ለሚኖር ሰው ይሻላል ብላኛለች፣ እኔም ልክ ናት ብያለሁ። ከዱርንፎንቴን አለፍ ብላ አንዲት ባዶ ሱቅ አግኝተን ከራውዳ ጋር አይተናታል። መስኮቷ ሰፊ ነው።

ስለ ፈተናው ጠይቀኸኛል፣ ውጤቱ ምን ሆነ ብለህ። የጻፍከውን ማንም አላነበበልኝም፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ከዚያም ፕሪቶሪያ ሄጄ ተፈትኛለሁ። ማለፍ አለማለፌን ከዚህ ገምተው።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። የለኝም ያልክበት ቦታ ተመለስና፣ በዚያው ፎቶ፣ በዚያው ቋንቋ፣ አለችኝ ብለህ ጻፍ። ትምጣ አትበል፣ በሩን ክፈቱላት አትበል፤ አለችኝ ብቻ። አነበዋለሁ። ይሄ ከከበደህ ለአባቴ ደውልና ለሴትዮዋ ያልካትን ያቺን ቃል በአማርኛ ንገረው። ሚስት የለኝም በለው። አባቴ ይገባዋል፣ ሌላ ነገር አይጠይቅህም። ኔትወርኩ ቢቆራረጥ ግን ድገምለት።

አላህ ጤናህን ይመልስልህ፤ ከብርዱም፣ ከክፉ ሰውም ይጠብቅህ። እናትህን እዚያ ሆነህ እንዳትረሳት። ለእሷ ያለኝ ፍቅር አልተቀነሰም።

መልስህ እስኪደርሰኝ ድረስ
ባለቤትህ
ጆሀንስበርግ