ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ፍሬኑ ያዘ፣ ሀፊዝ። ከጅቡቲ የላክኸው የፍሬን ዲስክ ገባ፤ ትናንት የሐረጎን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች ወረድን፣ ፒካፗም ቁሚ ባልናት ቦታ ሁሉ ቀጥ አለች።

አሁን ሰላምታው ይግባ። አሰላሙ አለይኩም የኔ አባት፣ ያ የወደብ ሙቀት እንዴት አደረገህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እህትህ ቢልቂስ አሥረኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ምላሷ ረዝሟል። በትከሻዬ ላይ አጮልቃ እያነበበች "እማ፣ ደብዳቤ የሚጀመረው በሰላምታ ነው" ስትለኝ ሱቅ ላክኋት። ከዚህ በታች ያለውን መጀመሪያ ማንበብ ያለብህ አንተ ነህ።

ካርቶኑን ያመጣው ሾፌር "የልጅሽ የሰባት ወር ደሞዝ ነው፣ እንዳይወድቅብሽ" ሲለኝ በሁለት እጄ አቅፌው ገባሁ። ደብዳቤ ፍለጋ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ ዘረጋሁት። ዲስኮቹ፣ እነሱን ነክሰው የሚያቆሙት መንከሻዎች፣ አዳፕተር የሚሉት ማገጣጠሚያ ብረት፣ ከዚያም አንዲት ብጣሽ ወረቀት፦ "ይህ ቢኖር አባዬ አይሞትም ነበር።" ወረቀቷን ሣጥኔ ውስጥ ደበቅኋት። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክመህ እንደምትውል ያን ቀን ገባኝ።

መኪናዋ ከአደጋው ወዲህ በላስቲክ ተሸፍና ግቢ ውስጥ እንደቆመች ታውቃለህ። የማታውቀው ሌላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ አደጋው በደረሰባት በዚያችው ሰዓት፣ የተቃጠለ ፍሬን ይሸተኛል። ቢልቂስ "ሽሮሽ አሮ ይሆናል" ትለኛለች፤ ማድቤት ስገባ እሳትም የለ። አንዳንዴ ከላስቲኩ ሥር ሞተሩ ሲያስል ይሰማኛል። እወጣለሁ፤ ባትሪ እንኳ የላትም። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው የአባትህ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃው፣ ግን ነፋስ በሌለበት ይወዛወዛል። አባትህን "ሰይድ፣ እናገራለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ" እለዋለሁ። እንዲህ ስለማመነው ኖርኩ።

ሥራውን የሠራው ዳምጤ ነው፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ከሰኞ ገበያ በታች ጋራዥ የከፈተ መካኒክ። አዳፕተሩን ገና ሲለካው ብሎኑ ከቀዳዳው አልገጥም አለ።

"እትዬ ከይሪያ፣ ይሄ ብረት ለሌላ መኪና የታጨ ነው።"

"ልጄ ነው የመረጠው።"

"ታዲያ ልጅዎ ሲያጭ አይለካም?"

"አንተ ዳራቸው እንጂ ምን አገባህ" አልኩት።

ኮምቦልቻ ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን አሰፋው። ቀጥሎ ደግሞ መንከሻው ከጎማው ቸርኬ ጋር ተፋተገ፤ ሰፋ ያለ ቸርኬ ተገዛ። ያንተን ሳይጨምር ሁለት ሺህ ብር አለፈ። የሠርጌን አምባር ሸጥኩ፤ እጄ ቀሎታል፣ አትዘን።

አሮጌውን የፍሬን ታምቡር የፈታ ቀን ግን ጠራኝ።

"ይህን የፍሬን ሸራ ማን ገጠመው?"

"ልጄ። በአደጋው ዋዜማ።"

"እጁ ይባረክ። አንድ ነገር አላዛነፈም።" ታምቡሩን ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኗል። "ጥፋቱ የገጣሚው አይደለም። ሾፌሩ ማርሽ አውጥቶ፣ በፎሌ፣ ሐረጎን በፍሬን ብቻ ነው የወረደው። እንዲያ ከለቀቋት ይሄ አዲሱ ዲስክም አያድንም።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ታምቡሩን ከእጁ ተቀብዬ ወሰድኩት።

ሀፊዝ፣ ስማኝ። አንተ ለአባትህ "ሸራው አዲስ ነው፣ እስኪለምድ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ" ብለኸው ነበር። እሱም ቃልህን ይዞ ነበር። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ እንዳልከው ወረደ። ከጎኑ ተቀምጬ "ሞተሩ ሲጮህ ናፍጣው ያልቃል፣ እንደ ሰዉ ሁሉ ፎሌ አድርጋት" ያልኩት እኔ ነኝ።

"ልጁ ይቆጣኛል" አለ እየሳቀ።

"ልጁ ናፍጣ አይገዛም" አልኩት።

እጁን ሰዶ ማርሹን አወጣ። ከዚያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ፔዳሉ ሰመጠ። ገደሉን ሸሽቶ በራሱ በኩል ከተራራው ጋር አጋጫት፤ እኔ የተረፍኩት በዚያ ነው።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ "ሸራውን የቀየረው ልጁ ነው አሉ" ሲባባሉ ሰማሁ። አንተም በር ላይ ቆመህ ሰማህ። ዓይኔን ፈለግህ። እኔ ሻሼን አስተካከልኩ። በአርባው ወደ ጅቡቲ ሄድክ።

ትናንት ዳምጤ "ይቅርብዎ፣ እኔ ብቻዬን ልሞክራት" ቢለኝ "ቦታዬን አውቃለሁ" ብዬ ከፊት ገባሁ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ መጮህ ሲጀምር በጎን አየኝና "ይጩህ?" አለ። "ይጩህ፤ ናፍጣው የኔ ነው።" አባትህ የቀረባት ያቺ ጠመዝማዛ ጋ ስንደርስ ሽታው መጣ።

"ይሸትሃል?"

"ኧረ ምንም።"

አስቆምኩት። ሙስበሃው አንዴ ተወዛውዞ ጸጥ አለ። ወርጄ ለአባትህ፣ እዚያው ድንጋዩ ሥር፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ ነገርኩት። ሽታው ግን አልተወኝም፤ እስከ ኮምቦልቻ አብሮኝ ወረደ፣ ይህን ስጽፍም አለ። ይኑር። የኔ ነው፤ ያንተ እንዳልሆነ መናገሬ ነው ከትናንት ጀምሮ እንደ ልጃገረድ የሚያስፈነድቀኝ።

ለአባትህ ነፍስ ሰደቃ አወጣለሁ። ያኔ ድንኳን የተቀመጡትን በሙሉ ጠርቼ፣ ታምቡሩን መሐል አስቀምጬ፣ ለአንተ የጻፍኩትን እነግራቸዋለሁ። ቀኑን ያራዘመብኝ ዳምጤ ነው፤ "እኔ ጾም ይዤ በጉን በዓይኔ ልብላው?" ስላለ የገና በዓል እስኪያልፍ አቆየነው። ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የሚታረድ በግ ገዝቻለሁ። አንተ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ስትደርስ መኪናዋ መናኸሪያው ላይ ትጠብቅሃለች፤ ሽቅቡን አንተ ትነዳለህ። ይቅር ባትለኝም ና። ሳንነጋገር እንወጣለን፤ ሞተሩ ይጮሃል።

ጀሊሉ ያን ቀን በሻሼ የሸሸሁትን ዓይንህን በሰላም ያሳየኝ።

እናትህ ከይሪያ

አብረውህ ላሉት የሰፈራችን ልጆችም ንገር፣ አንድ ሰው እንዳይቀር፦ ሰደቃው እሁድ፣ ጥር 2 ቀን፣ ከዙህር ሰላት በኋላ።