ኦጁሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያነሣው መርከብ

መጋቢት ፫፣ ጠዋት

ሃያ ሰባተኛው ቤት አለቀ። አሥራ ሦስት ይቀራል። የመርከቡን ፎቶግራፍ በእርሳስ በትንንሽ ቤቶች ከፍዬ፣ ሸራውንም በዚያው ልክ በትልልቁ አስምሬ፣ በት/ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ባስተማርሁት ዘዴ አንዱን ቤት ወደ አንዱ አሻግራለሁ። ሙቀቱ ቀለሙን ብሩሹ ላይ ያደርቀዋል።

ክልል ከሆንን ወዲህ ም/ቤቱ ለአዳራሹ ያዘዘው የመጀመሪያው ሥዕል ይህ ነው። በስተርጅና እንዲህ ያለ ክብር!

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ይህን መርከብ ስሥል ከደጋ ወርጄ በመምህርነት ጋምቤላ የገባሁበት ዘመን፣ የባሮ ወደብ በቡና ጆንያ ተሞልቶ፣ ጥሩንባው ሲሰማ ክፍሉን ጥለው ወደ ወንዙ የሚሮጡት ተማሪዎቼ፣ እነሱን ልመልስ ወጥቼ እኔም አብሬያቸው ቆሜ የማየው ያ ጢስ፣ ሁሉም ከዚህች የደበዘዘች ወረቀት እየተነሣ ይመጣብኛል። ዛሬ ወደቡ ሣር በቅሎበታል።

መጋቢት ፲፩

ተፈጸመ። ከጢስ ማውጫው በላይ አንዲት ጭላት አለች። ፎቶግራፉ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነበረች፤ ክንፍ አበጀሁላት፣ ጅራቷን ሰነጠቅሁ። ከሥዕሉ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

መጋቢት ፲፫፣ ከሰዓት በኋላ

ኦጁሉ መጣ። የወጣትነት ወዳጄ፣ ዛሬም ኒውላንድ ሰፈር የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሣው። መርከቡን ያነሣው እሱ ነው፤ ፎቶግራፉንም በሠርጌ ቀን የሰጠኝ እሱ ነው። ይደሰታል ብዬ ጠራሁት። ወደ ሸራው ጠጋ ብሎ አየ። ሥዕሉ ላይ ያሉትን ጆንያ ተሸካሚዎች አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቸው፤ ሦስተኛው አባቱ ናቸው። ከዚያ ጣቱን ጭላቷ ላይ አሳረፈ።

«መምህር፣ ይሄ ወፍ አይደለም። ፊልሙን ሳጥብ በጥፍሬ የጫርኩት ነው።»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እሱ ቀድሞ አቆመ። የእሱ ስም ሥዕሉ ላይ የት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። ፎቶግራፉን በስጦታ እንደ ሰጠኝ አስታወስሁት።

«የሰጠሁህ ወረቀቱን ነው። እስከ ወገቤ ባሮ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። የባሮ አዞ ያየው እኔን ነው፤ አንተ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ ነው የሳልከው።»

አልተቆጣም። ወንዙ ሞልቶ ቤቱ የገባ ዓመት ፊልሞቹ ሁሉ እንደ ጠፉ፣ የአባቱም ምስል ከእኔ እጅ በቀር የትም እንደሌለ ነግሮኝ፣ የቀዳሁለትን ሻይ ሳይነካ ሄደ።

መጋቢት ፲፬

ተቀይሜአለሁ። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው! የመርከቡን ቀይ ወገብ፣ የክረምቱን የጭቃ ውሃ ከልቤ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? ይህን ለራሴ ሦስት ጊዜ አልሁ። በሦስተኛው ደከመኝ።

መጋቢት ፲፭

ከባልንጀራው የገለበጠ ተማሪ ስሙን በላጲስ እንዲያጠፋ በክፍሉ ሁሉ ፊት አስገድድ እንደ ነበር ጠዋት ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ባህል ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ወንበር ለቀቀልኝ። ሁለት ስም ይጻፍ አልሁ። በአክብሮት አስረዳኝ፤ የም/ቤቱ የሥዕል ኮሚቴ የጠየቀው ከሠዓሊው አእምሮ የፈለቀ ሥራ ነው፣ ከፎቶ የተወሰደ መሆኑ ከተሰማ ሥዕሉ አይሰቀልም፣ የአዳራሹ ምረቃ ጥሪም ወጥቷል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ማን ያውቃል? ዝም ይበሉ።»

ተሰናብቼ ወጣሁ። በባሮ ድልድይ በኩል ዞሬ በእግሬ ተመለስሁ። ማን እንደሚያውቅማ አውቃለሁ።

መጋቢት ፲፯፣ ጠዋት ፬ ሰዓት

መኪናው ዛሬ ሸራውን ይወስዳል። ቁርስ አልበላሁም። ቀጭኑን ብሩሽ ይዤ፣ በሥዕሉ ግርጌ «ኦጁሉ ካነሣው ፎቶግራፍ» ብዬ ጻፍሁ፤ የእኔን ስም ከሥሩ፣ በአነስተኛ ፊደል። ለኮሚቴውም እውነቱን የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፌ በፖስታ አሽጌአለሁ፤ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። ሥዕሉን ባይሰቅሉት፣ ኒውላንድ ወስጄ ለኦጁሉ እሰጠዋለሁ፤ በዚህ ጊዜ ወረቀት ብቻ አይሆንም፣ አባቱም በቀለም ናቸው።

መኪናው ደጃፍ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወረዱ። የኦጁሉ ስም ገና አልደረቀም፣ በግርጌው በኩል እንዳይዙት ልንገራቸው።