ለሦስት ቀን የሚበቃ ከተማ

ማክሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 11
ከቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ

ለልጄ እናት፣

ልጃችን ምስጢር መያዝ እንደማይችል ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አትቆጪው። «እማዬ ከአክስቴ ጋር ለሦስት ቀን ልትመጣ ነው፣ ርካሽ ምግብ ቤትና ደህና የሚታይ ቦታ ፈልግልን ብላኛለች፣ ለአባትህ እንዳትነግር ግን ብላለች» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። እኔም «አንተ ስለ ከተማው ምን ታውቃለህ? ከቢሮ አልጋ፣ ከአልጋ ቢሮ!» አልኩና ወረቀት አወጣሁ። ስድስት ዓመት ሳልጽፍልሽ ኖሬ አሁን የምጽፈው ለሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ሥራው በሚያውቀው ሰው ይሠራ ብዬ ነው።

ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። የእህትሽን ዓይን ነገር ሰምቻለሁ። አሁንም «ብረቱ» እያለች ነው የምትጠራኝ? ትጥራኝ። ብቻ ዓይኗ ይዳንላት።

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ ስለ ምግብ ቤት ምን ያውቃል?» እንደምትዪ ይገባኛል። አስራ አራት ቁጥር አውቶቡስን ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ሃያ ሁለት ፌርማታ አለው፤ በአንዱም ወርጄ አላውቅም ነበር። ከተማውን የማውቀው በመስታወት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን እንደማንኛውም ሰው ትኬት ቆርጬ በየሳምንቱ አንድ አንድ ፌርማታ መውረድ ጀመርኩ። በተራ ነው፤ አንዱንም አልዘለልኩም። በአንዱ ላይ ብቻ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ። ስወርድ መጀመሪያ የምፈልገው ግንበኞችና ተሸካሚዎች የሚበሉበትን ቤት ነው። ለዓይን ያማረ ወንበር አያሳስባቸውም፤ ሆዳቸው ካልሞላ ግን በማግስቱ አይመለሱም።

የመጀመሪያው ቀን የሐኪም ቤቱ ነው። ዓይኗ ላይ ጠብታ ካደረጉላት በኋላ ብርሃን እስኪመሽ ይወጋታል፤ ስለዚህ አደባባይ ለአደባባይ እንዳታዞሪያት። ከሐኪም ቤቱ በስተጀርባ፣ ከጫማ ሰፊዎቹ ቀጥሎ፣ ሰሌዳ የሌለው የሾርባ ቤት አለ። ሰማያዊ መጋረጃ ገልጣችሁ ግቡ። የባቄላ ሾርባ ነው፤ ዳቦው ከላዩ ይመጣል፤ ዋጋው የሻይና የብስኩት ያህል ነው። ጀርባ መደገፊያ ያላቸው ሁለት ወንበሮች ብቻ ስላሉ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ባለቤቷ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«አባባ፣ ሾርባውን እየበሉት ነው ወይስ እየመረመሩት?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ጨው በዝቷል።»

«ባለፈው ሳምንት አንሷል ብለው ነበር እኮ!»

«ባለፈው ሳምንት አንሶ ነበር።»

«ኧረ በስመአብ! ባለቤትዎ እንዴት ቢችሉዎት ነው?»

ሾርባዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀስ እያላችሁ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሂዱ። አምስት ደቂቃ ነው፤ ለእህትሽ ስምንት። ዘበኛው «ማንን ፈልጋችሁ?» ካለ «ማንንም፣ ልንቀመጥ» በሉት፤ ያስገባል። ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የየክፍሉ መስኮት ይከፈትና አንዱ ፒያኖ፣ አንዱ መለከት፣ አንዱ ጉሮሮውን፣ ሁሉም የየራሱን ይለማመዳል። መጀመሪያ ጆሮ ይበጠብጣል። «ሥርዓት የሚባል የላቸውም እንዴ?» ብዬ ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ዓይንን ጨፍኖ ትንሽ ሲቆዩ ግን፣ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም በአንዴ ይገጥማሉ። ለሦስት ለአራት ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ደግሞ ይበታተናሉ። ያን እንደገና ስጠብቅ፣ ቀና ስል የዛፎቹ ጥላ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻግሮ አገኘሁት። የት እንደነበርኩ አላውቅም። እንቅልፍ ግን አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን በጠዋት ተነሡ። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ክበብ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቁርስ ለማንም ሰው ይሸጣሉ፤ ይህን የሚያውቅ ግን የለም። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሻይ። ሳህኑን ራሳችሁ ትወስዳላችሁ፣ ራሳችሁ ትመልሳላችሁ፤ እህትሽ «ገንዘቤን ከፍዬ ደግሞ አስተናጋጅ ልሁን?» ማለቷ አይቀርም። በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት ያዙ። በዚህ ወር እስከ ሦስት ሰዓት ጉሙ አይገለጥም። ከላይ ሲያዩት መንገድ የለም፣ ሰው የለም፤ የውሃ ጋኑ አናትና ሁለት ክሬኖች ብቻ ከነጩ ላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ከተማው ገና ያልተሠራ፣ አንድ ሰው ጋደም ብሎ እያሰበው ያለ ይመስላል። ከዚያ ከሥር የአስራ አራት ቁጥር ጥሩንባ ይሰማል። ከመቶ ጥሩንባ ለይቼ አውቀዋለሁ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እሰማዋለሁ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ እኔው እዚያ ጉሙ ውስጥ የምነዳ እየመሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣሪያው መስታወት የሆነውን የእጽዋት ቤት እዩ። ነጻ ነው። ሞቃት ስለሆነ ካፖርታችሁን በር ላይ ስጡ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ቅጠል ቅጠል ነው።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት። እንግዲህ የድልድዩ ፌርማታ ነው፤ አስራ ሰባተኛው።

ሦስት ሳምንት የዘገየሁት እዚህ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወርዳል፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ በሩ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ።

ያን እሑድ አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ ግን በእኔ በኩል ምን እንደነበር ጠይቀሽኝ አታውቂም፣ እኔም ነግሬሽ አላውቅም። እሑድም ሥራ ስለምገባ፣ ከኋላዬ ካለችው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ከመነሻ እስከ መድረሻ አብረሽኝ ትመላለሺ ነበር። ሌላ አብረን የምንሆንበት ቀን አልነበረንም። ያን ቀን ድልድዩ ጋ ስቆም ተነሥተሽ ወረድሽ። «ና፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ከታች ሆነህ አይተህ ትመለሳለህ» አልሽኝ። ሁለት ደቂቃ ዘግይቼ ነበር። «ግቢ፣ ሰዓት ሄዷል» አልኩሽ። ከኋላ አንዱ «ሹፌር፣ ውረድላት እንጂ! እኛ እንጠብቃለን!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሰው ሲስቅብኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። በሩን ዘጋሁት።

በጎን መስታወት ቦርሳሽን ይዘሽ ቆመሽ አየሁሽ። የተቆጣሽ አትመስዪም ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። መድረሻው ላይ በሰዓቴ ገባሁ፤ ተቆጣጣሪው «እንዳንተ ያለ የለም» ብሎ ፈረመልኝ። ስመለስ ፌርማታው ላይ ማንም አልነበረም። ማታ ቤት ስገባ ልብስሽ የለም። «ለሁለት ደቂቃ ብላ ትዳሯን የምትፈታ ሴት ትሂድ!» ብዬ ተናገርኩ፣ ለግድግዳው። ስድስት ዓመት ሙሉ ልክ ነኝ እያልኩ ኖርኩ።

በአራተኛው ሳምንት ወረድኩ። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ ትክክለኛውን ለማወቅ። ከፌርማታው ጀርባ ሃያ ስድስት ደረጃ አለ። ወርዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ለመውጣት በዛሬው ጉልበቴ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚያን ጊዜው ጉልበቴ ሁለት ነበር። ልጄም እንዲሞክረው አደረግሁ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላበትም። እንግዲህ ልክ ነበርሽ። እጽፈዋለሁ፤ ልክ ነበርሽ።

ከሥር ውሃው ረግቶ ድልድዩን ገልብጦ ይዞታል። አውቶቡሱ ሲመጣ ጎማው ወደ ላይ፣ ሰዎቹ ቁልቁል፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ያለ ድምፅ በውሃው ላይ ያልፋል። በየመስኮቱ ፊት አለ። ሹፌሩም አለ፤ ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያየው። የራሴን አውቶቡስ ልታሳዪኝ ነበር? እዚያ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ቆሞ ሲጠብቀኝ? ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ስምንት አውቶቡስ አለፈ። ሁለቱ ዘግይተው ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም።

ደረጃው ሥር አሳ የሚጠብሱ ባልና ሚስት አሉ። በወረቀት ጠቅልለው ከዳቦ ጋር ይሰጧችኋል፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ። ከዚህ የሚረክስ በከተማው የለም፤ አጥንቱን ግን ለእህትሽ ልቀሚላት።

ይህ ሁሉ እኔ ባልኖርበትም የሚሠራ ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ብቻችሁን መዞር ትችላላችሁ፤ እንዳንገናኝ ከፈለግሽም ለልጃችን አንድ ቃል በይው፤ በእነዚያ ቀናት በዚያ በኩል አላልፍም። ቃሌን ታውቂዋለሽ።

ለሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ምንም አልጻፍኩም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። ወደዚህ ሂዱ፣ ይህን ብሉ፣ በዚህ ሰዓት ተመለሱ የምለው አጣሁ። እህትሽን ልጃችን ቤት ወስዶ ያሳርፋት። አንቺ የት መሄድ እንደምትፈልጊ እኔ አላውቅም፤ ጠይቄሽ አላውቅማ። ያን ቀን አንቺ ቅደሚ። እኔ እከተላለሁ። የሚዘገየውም ይዘግይ።

መንገዱ ረጅም ነው፤ በመስኮት በኩል አንቺ ተቀመጪ፣ እህትሽን ፀሐይ እንዳያገኛት። ፈጣሪ በሰላም ያምጣችሁ። የእሷን ዓይን ያብራ፣ የአንቺን ጤና ያብዛ።

የልጅሽ አባት