ደፍ ላይ ማን ይቀድማል

ጥር 20

የአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ከአርባ ሁለቱ ተማሪዎች ሠላሳ አንዱ ቁጥሩን ጽፈው መለኪያውን ትተውታል። «አምስት» ይላል። አምስት ምን? አምስት በግ? ዜሮ ሰጠሁ። ነገ ያለቅሳሉ… ያልቅሱ።

ከሰዓት ወደ ሜዳው ወረድኩ። መድረሻው ላይ በአመድ ያሰመርኩትን መስመር በጎች ረግጠው አጥፍተውታል። ለሦስተኛ ጊዜ። እንደገና በገመድ ለክቼ አሰመርኩ።

የማሰለጥናት ኮከብ ሺህ አምስት መቶ ሜትሩን በአምስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ጨረሰች። በዚህ ብርድ፣ በዚህ ከፍታ፣ በሣር ላይ። ሕጉ ስለሚል የማያየውን ዓይኗንም በጨርቅ አስራ። መሪዋ አንዷለም ከጎኗ፣ እጅና እጃቸው በአንድ ስንዝር ገመድ ተያይዞ። ገመዱን እናቷ ጠጄ ከበግ ፀጉር የገመደችው ነው።

«ስንት ሆነ ጋሼ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ትናንት አሥራ አራት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ አይሉም?»

«አሥር ስትገቢ እላለሁ።»

ሳቀች። አንዷለምም ሳቀ። ምን ያስቃል?

ጥር 29

አዲስ አበባ። ለአካል ጉዳተኞች የአፍሪካ ጨዋታ ማጣሪያ። ከመላው አገር የሚላኩት አራት ሯጮች ናቸው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ… አራት ሰው!

ሁለተኛ ወጣች። ሁለተኛ ማለት ማለፍ ነው። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ዳኛው መጣ። ተሰርዛለች። መሪው ከሯጯ ቀድሞ መስመሩን ረግጧል።

ሕጉ ግልጽ ነው። መሪ ከጎን ይሮጣል፤ አይጎትትም፤ መድረሻው ላይ እሷ ትቀድማለች፣ እሱ ይከተላል። ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ? መቶ ጊዜ?

በአውቶቡስ እስከ ደብረ ብርሃን አላናገርኩትም። ከዚያ አልቻልኩም።

«ለምን ቀደምክ?»

«አላውቅም ጋሼ። እግሬ ነው።»

«እግርህ የራሱ ጭንቅላት አለው?»

ጣርማ በርን ስናልፍ ራሱ ጀመረ። «በር ላይ እኮ ሁልጊዜ የምቀድመው እኔ ነኝ። ውሻ ይኖራል፣ ደረጃ ይኖራል… መጀመሪያ እኔ ገብቼ እጇን ይዤ አስገባታለሁ። መስመሩን ሳየው በር መሰለኝ።»

የአክስቷ ልጅ ነው። በስድስት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ከወሰደው ጀምሮ በበትር እየመራ ያሳደጋት እሱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት በየበሩ ሲቀድም ኖሯል። በእኛ አገር ዓይነ ስውር የሚመራ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ቢሆንም ሰበብ ነው። ሰበብ አልቀበልም።

የካቲት 2

የብሔራዊ ቡድኑ አስተባባሪ አቶ ይሥሐቅ ደወለ። መጋቢት 20 ሁለተኛ ማጣሪያ አለ፤ የመጨረሻ ዕድል። «ልጅቷ ጥሩ ናት። ልጁን ግን ይተዉት። ፈጣን መሪ ከዚህ እንሰጣታለን።»

እሺ አልኩ። ያልሠራ ነገር ይቀየራል።

የካቲት 3

ነገርኳት። የዓይኗን ጨርቅ ፈታችና ወደ ድምፄ ዞረች።

«አንዷለም ካልሆነ አልሮጥም።»

«ከእሱ የሚፈጥን ይሰጡሻል።»

«እሱ መች ዘገየ? ቀደመ ብለው አይደል የሰረዙን?»

እሷ አላበቃችም።

«እርስዎ ሰዓት ያያሉ ጋሼ። እሱ ትንፋሼን ይሰማል። ስደክም ሳልነግረው ያውቃል። በር ላይ መቅደምን ያስለመድነው እኔና እናቴ ነን፤ መንደሩ ሁሉ ነው። ያስለመድነውን እኛው እናስጥለው።»

«ባይችልስ?»

«አብረን እንቀራለና። እርስዎ ሰዓትዎን ይዘው ሌላ ሯጭ ይፈልጉ።»

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው! ርዕሰ መምህሩ እንኳ እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ተናድጄ ሄድኩ። አቀበቱን አንዴም ሳላርፍ ወጣሁት።

የካቲት 4

ልክ ናት። ለአቶ ይሥሐቅ ደውዬ የእናንተን መሪ አንፈልግም አልኩት።

የካቲት 9

አዲስ ሕግ። ከዛሬ ጀምሮ በየትኛውም በር ኮከብ ትቀድማለች፣ አንዷለም ይከተላል። ቤት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን።

ከተማችን ራቤል «ጉድ ነው» አለች። ሻይ ቤት ውስጥ «መምህሩ ለየለት» ሲሉ ሰማሁ። ይበሉ።

ወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ጠጄ ዱቄቱን ከእጇ ሳታራግፍ መጣችብኝ። «ልጄ መጫወቻህ ናት? ገደል ቢኖር ገደልም ትሰዳት ነበር!»

የነፍስ አባቴ አባ ገብረ ክርስቶስም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አያለሁ ይላሉ እንጂ የሚሄዱት በዲያቆን ቃለአብ በትር ነው።

«መሪ ለምን የሚቀድም ይመስልሃል መምህር? መውደቅ ካለ እኔ ልውደቅ ብሎ ነው። ፍቅር ነው። አንተ ፍቅሩን ነው የምታስጥለው።»

«ሕግ ነው አባ።»

«የማን ሕግ?»

«የሩጫ።»

ምን ዓይነት ደካማ መልስ ነው? ቤቴ እስክገባ ሌላ ስፈልግ ነበር። አላገኘሁም።

የካቲት 16

በራሴ ሞከርኩት። ዓይኔን በሻሽ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩና አንዷለምን ከኋላዬ ሁን አልኩት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ። ተማሪዎቼ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሳቁ። ዜሮ የሰጠኋቸው ከሁሉ በላይ።

የራሴ በር ላይ ደረስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የገባሁበት፣ የወጣሁበት በር… እግሬ አልነሳ አለኝ። መቃኑን በሁለት እጄ ያዝኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ፈራሁ።

አንዷለም ከኋላዬ ቀስ ብሎ «ደፍ» አለ።

አንድ ቃል። እግሬን አነሳሁ። ገባሁ።

ይኸው! መቅደም አያስፈልገውም። መናገር ነው የሚያስፈልገው። ያን ሁሉ ቀን ከኋላ ሁን ስለው፣ አፍህን ክፈት አላልኩትም። ወፍጮ ቤት የወደቀችው በእኔ ጥፋት ነው።

ለኮከብ ነገርኳት።

«እኔማ ዝም ስላለ መውደቄን አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቁኝ?»

የካቲት 30

መስመሩ ላይ ሊደርሱ አሥር እርምጃ ሲቀር አንዷለም «ደፍ!» ይላል። እሱ ግማሽ እርምጃ ይዘገያል፤ እሷ ደረቷን ወደፊት ትወረውራለች። ሃምሳ ጊዜ አስደገምኳቸው። አርባ አንዱ ልክ። ዘጠኙ?

ኮከብ ጾሙን ታጥብቃለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፣ ከዚያ ሽሮና ተልባ። ሁለት ቀን ተከራከርኳት። «በእግሬ ይዘዙ፣ በሆዴ አይዘዙ» አለችኝ። ልምምዱን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት አዞርኩት።

መጋቢት 12

አገሬው በጋራ ወደሚጠብቀው የጓሳ ሜዳ ሄድን። ሣሩ ዘንድሮ ዝግ ነው፤ ማጨድም ማስጋጥም ክልክል። ጠባቂው ከፈረሱ ሳይወርድ «ከመንገዱ ዝንፍ እንዳትሉ፣ መምህር» አለኝ። አላልንም። ከአባት እስከ ልጅ የተከበረ ሕግ ሳይ ደስ ይለኛል… ብዙ አይገጥመኝማ።

ሃምሳ ጊዜ። አርባ ዘጠኙ ልክ። ያቺን አንዷን ግን እያሰብኩ ነው የተመለስኩት።

መጋቢት 20

አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰባት። አንደኛ! ዳኛው ጎንበስ ብሎ መስመሩን አየና ነጭ ባንዲራውን አነሳ፤ ጥፋት የለም።

«ጎበዝ» አልኩ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

ሰምታለች።

መጋቢት 21

ቢሮ ጠሩን። የጉዞው ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ገልብጬ አነበብኩት። አራት ሯጮች። አንድ አሰልጣኝ፣ እኔ። አምስት ኃላፊዎች። አንዷለም የለም።

«መሪዋስ?»

«ቦታ ጠበበ» አለ አቶ ይሥሐቅ። «መሪ እዚያው ይገኛል። ሩጫ ያው ሩጫ ነው።»

«ኃላፊ እዚያው አይገኝም?»

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ኮከብ ግን አልሳቀችም። «ስሜን ይሰርዙት» አለች፤ ተነሳች።

«እንዴ! አገርሽን ወክለሽ…»

«አገሬን ከማላውቀው ሰው ጋር ታስሬ አልወክልም።»

አቶ ይሥሐቅ ወጣ፣ ገባ፣ ስልክ ደወለ። በመጨረሻ፣ «ያለኝ አንድ ወንበር ነው። ወይ አሰልጣኝ፣ ወይ መሪ።» አምስቱ አልተነኩም።

በሃያ ሦስት ዓመቴ እኔም እንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ነበርኩ። የዩኒቨርሲቲው የሺህ አምስት መቶ ሯጭ። ያኔም ቦታ ጠቦ ነበር። ያኔ አመስግኜ ወጣሁ… አመስግኜ! ሠላሳ ዓመት ያናደደኝ ያ ነው።

«የእኔን ሰርዝና የእሱን ጻፍ» አልኩት። «አሁን። እያየሁ።»

ጻፈ። ማኅተሙ እስኪደርቅ አልተነሳሁም።

ግንቦት 2

የመክፈቻውን ሰልፍ በስልክ አየሁ። የሌሎቹ ሰልፍ አያልቅም። የእኛ ብቅ ከማለቱ አለፈ። ከፊት አምስት ሱፍ ልብስ፣ አራቱ ሯጮች ከኋላ። ኮከብን ከሱፎቹ ጀርባ ፈልጌ አጣኋት። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት።

ግንቦት 6

ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። ጠጄ፣ አባ ገብረ ክርስቶስ፣ ግማሹ ትምህርት ቤት። ሁለት ዙር አየን። በሦስተኛው ምስሉ ደረቀ። የኮከብ አንድ እግር አየር ላይ እንደተንጠለጠለ።

«ምን ሆነች?» አሉ አባ።

«ቆማለች» አለች ጠጄ።

«ስትሮጥ ቆይታ ለምን ትቆማለች?»

«ስልኩ ነው አባ!» ጮህኩባቸው መሰለኝ።

አርባ ደቂቃ። ከዚያ አንዷለም ደወለ።

«ስንት?»

«አራት ከአርባ ዘጠኝ። አራተኛ።»

«መስመሩስ?»

«ደፍ አልኳት። ገባች። ከዚያ እኔ።»

ስምንት ሰከንድ አሻሽላለች። ሜዳሊያ የለም። ኮከብ ስልኩን ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ አቶ ይሥሐቅ ባዶ እጃችንን ቀረን እያሉ ነው።»

«ምን አልሻቸው?»

«እርስዎ ስንት ሰከንድ አሻሻሉ አልኳቸው።»

ለጠጄ ስነግራት ጉብታው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም። ተማሪዎቹ የማን ሳቅ ነው ብለው ዞሩ።

ግንቦት 15

ገቡ። የወረዳው አዳራሽ በር ላይ ኃላፊዎች በማዕረግ ተሰልፈው ጠበቁ። የመጀመሪያው እጇን ይዞ ቀድሞ ሊያስገባት ሲል፣ «ይልቀቁኝ፣ ይቅርታ፤ እሱ ይነግረኛል» አለች። አንዷለም ከኋላ «ደፍ» አለ። ገባች። ከሁሉም በፊት። ሰልፉ ተረበሸ፤ የሚከተለው ማን እንደሆነ ጠፋቸው። መጨረሻ ገባሁ፤ ከኋላ ደህና ይታያል።

ማታ ሳይሆን እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ንግግር እየተደረገ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ደብዳቤ አረቀቅኩ። የመጀመሪያው አንቀጽ፦ ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር ሯጭ የራሱ መሪ። ሁለተኛው፦ የኃላፊዎች ቁጥር ከሯጮች ቁጥር አይበልጥም። እምቢ ይላሉ። እደግመዋለሁ።

ግንቦት 16፣ እሁድ

አባ ገብረ ክርስቶስ ለቅዳሴ በቃለአብ በትር መጡ። በሩ ላይ ከኋላቸው ነበርኩ። ቃለአብ እንደ ልማዱ ሊቀድም እግሩን አነሳ።

«ወደ ኋላ በል» አሉት።

«አባ፣ ደረጃ አለ እኮ።»

«አለና ንገረኛ! አፍ የለህም?»

ቃለአብ ዞሮ እኔን አየኝ። አልረዳሁትም።

«ደፍ» አለ።

አባ እግራቸውን አነሱ፤ ገቡ። ከሚያስፈልገው አንድ ስንዝር አብልጠው ነው ያነሱት። አላረምኳቸውም።