የአባትሽ ግራጫ ሱሪ

የዓይኔ ብርሃን ልጄ፣ ጌታ በወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ። እንደምን አለሽልኝ? እኔ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጣሪያው ዘንድሮም ያፈሳል፤ እህትሽም ሥራ አላገኘችም። አደራ፣ በብርዱ ካልሲ ደርበሽ ውጪ።

አባትሽ ግን አልሆነለትም። ሐኪሙ "ከአቅማችን በላይ ነው" ብሎ ወደ ቤት መልሶታል። ልብስ ሰፊ አይደል፣ ሰውነቱ ባለቀ ቁጥር ያቺን ግራጫ ሱሪውን ራሱ በስፌት መኪናው ያጠባታል። ትርፉን ጨርቅ ግን አይቆርጠውም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ነው የሚሰፋው። "ስወፍር እተረትረዋለሁ፤ እግዜር ቃለ አባይ አይደለም" ይለኝ ነበር።

እሁድ ዕለት "መቀስ አምጪልኝ" አለና ትርፉን ቆረጠው። እኔም ብው አልኩ። "እምነትህን የት ጣልካት?" ብዬ ጮኽኩበት። ቀና ብሎ አየኝና፣ "ክርስቶስ መቼ ትወፍራለህ አለኝ? አልተውህም ነው ያለኝ፤ ይኸው አልተወኝም" አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጋደም አለ። ቁራጯን ጨርቅ ከወለሉ አንስቼ ጉያዬ ውስጥ ሸሸግኋት። እሱን ያሳረፈው ቃል እኔን ገና አላሳረፈኝም፤ ሥራ እየሠራሁም ከአምላኬ ጋር እሟገታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ "ትድናለህ" አትበዪው። "አባዬ፣ ፈርተሃል?" ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ከራሱ አፍ ስሚው፤ ኋላ እኔ ስነግርሽ አታምኚኝም።

አልተውም ያለው እሱ በሰው አገር አይተውሽ።

እናትሽ