ለሁለት ፅንስ ሁለት ካርድ ስለወጣልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው የእናቶች ክሊኒክ፣
ባሕር ዳር

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? የእንግዳ መቀበያው አዲስ ሶፋ ደኅና መሆኑን ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለአላህ ምስጋና ይድረሰው።

እኔ ሳሊህ ሙኽታር እባላለሁ፤ ሐይቁ ዳር የዓሣ ጀልባ የምሠራ አናጢ ነኝ። ባለቤቴ ሚስራ መንታ አርግዛ በአራተኛ ወሯ እርስዎ ዘንድ መጥተን ነበር። መንታዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ እንግዴ ልጅ ሊጋሩና የአንዱ ደም ወደ ሌላው ሊሄድ ስለሚችል በቅርብ መታየት እንዳለባት፣ አልትራሳውንዱ ግን አጥርቶ እንዳላሳየ ሐኪሙ ነገሩን። ስለዚህ የእናትየዋ ደም ተወስዶ በአዲስ አበባ በኩል ውጭ አገር እንዲመረመር ታዘዘ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ቀጠሮዋ በወር አንዴ ሆነ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ካርድ ክፍልዎ፣ ልጆቹ ሁለት ስለሆኑ ካርዱም ሁለት መሆን አለበት ብሎ በሚስራ ስም ሁለት ካርድ አወጣልን። ሚስራ እኔ አንድ ሰው ነኝ ብትልም የደም ባለሙያዋ ከሚስራ ግራና ቀኝ ክንድ ለየልጁ እኩል ደም ቀዳችላቸው። እንዲህ ያለ ፍትሕ ፍርድ ቤትም አላየሁም።

2ኛ. አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች የአንዲት ሴት ደም በሁለት ቁጥር ቢደርሳቸው ስሕተት ነው ብለው ሁለቱንም መለሱት። ይህን ግን ለአምስት ሳምንት ማንም አልነገረን። በደወልሁ ቁጥር በሂደት ላይ ነው እየተባልሁ፣ አንድም ቀን ሳልሰደብ ስልኩ ይዘጋ ነበር። ትሕትናችሁን የትም እመሰክራለሁ።

3ኛ. እንደገና የተላከው ደም ውጤት ባለፈው ማክሰኞ ደረሰ፤ አንድ ዓይነት ናቸው ይላል። ትክክል ነው። ልጆቹ ከዚያ ዐሥራ አንድ ቀን ቀድመው ሞተው ተወልደዋል። በእኛ ደንብ ከአራት ወር ያለፈ ፅንስ ስም ወጥቶለት፣ ታጥቦና በከፈን ተጠቅልሎ ስለሚቀበር እኔው አጠብኋቸው። አንዱ ቀይና ሙሉ፣ አንዱ ነጭና ቀጭን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል፣ የተከበረ ክሊኒክን ከውሻ ጋር ማነጻጸር ነውር ነው።

እኔ አላለቀስሁም። ለምን እንዳላለቀስሁ አላውቅም። ጠዋት እነሣለሁ፣ ሳንቃ እልጋለሁ፣ ሲመሽ እገባለሁ።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎም ጽናት እየተመኘሁ፣ ወረፋውን ሳያዛባ የጠበቀው ታዛዥ ደንበኛዎ፣
ሳሊህ ሙኽታር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሚስራ «ልጆቹ የሞቱት የዓሣ ቅርጫት ስለተሸከምሁ ነው» ትላለች። ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን በአንድ መስመር ጽፈው ማኅተም ቢያደርጉበት ውለታዎ አይረሳም። እኔ ብነግራት አላመነችኝም፤ የእርስዎን ማኅተም ግን እስካሁን ታምናለች።